ለእረኞቹ የተወሰደላቸው ዳቦ ነበር

ባለፈው ዓመት ክረምት አንዲት ደንበኛዬ ስልኳን ከፍታ የኬክ ፎቶ አሳየችኝ። የቸኮሌት ኬክ ነው፤ ቁመቱ ዝቅ ያለ፣ ላዩ የሚያብረቀርቅ፣ ዙሪያውን አልሞንድ የተሰካበት። «እትዬ፣ ለእህቴ ምርቃት እንዲህ ያለውን ይሠሩልኛል?» አለችኝ። ስሙን ብጠይቃት «ንግሥተ ሳባ» ብላ መለሰች፤ ስትናገረው ኮራ ያለች መሰለኝ።

ኬኩን አውቀዋለሁ። ፈረንሳዮች «ሬን ደ ሳባ» ይሉታል። ቸኮሌት፣ የተፈጨ አልሞንድ፣ ቅቤ፣ ስኳርና እንቁላል ነው፤ ዱቄቱ ለስም ያህል ነው፤ መሀሉ እርጥብ እንዳለ ከምድጃ ይወጣል። ጁሊያ ቻይልድ በ1961 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው የፈረንሳይ ምግብ መጽሐፍ አማካይነት አሜሪካውያንም ተማሩት። ጥሩ ኬክ ነው፤ ክፉ አልናገርበትም። ግን እስቲ አስቡት፦ ካካዎ ከአሜሪካ ምድር ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ የገባው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ንግሥቲቱ ግመሎቿን ጭና ወደ ኢየሩሳሌም ወረደች ከሚባልበት ዘመን ብንቆጥር መሀሉ ሁለት ሺህ ተኩል ዓመት ግድም ይሆናል። ቸኮሌት የሚባል ነገር በደጇም አላለፈም።

የበላችው ነገር ደግሞ በእኛው ክብረ ነገሥት ተጽፎ ይገኛል። ጣፋጭ አይደለም። ሰሎሞን ሆን ብሎ ቅመም የበዛበት፣ የሚያስጠማ ማዕድ አቀረበላት። ከቤቱ ያለ ፈቃዱ ምንም እንዳትነካ አስምሏት ነበርና ሌሊት ጉሮሮዋ ደርቆ ወደ ውሃው እጇን ስትሰድድ መሐላሽን አፈረስሽ ብሎ ያዛት፤ ከዚያ ምኒልክ ተወለደ። የአንድ ሥርወ መንግሥት ትውልድ በሙሉ በአንድ ቅመም የበዛበት እራት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ይህን የሚያህል የምግብ ተረት ያለን ሰዎች በንግሥቲቱ ስም የሚጠራውን ኬክ አሠራሩን ከፓሪስ እንቀዳለን።

ኬኩን ሠራሁላት፤ ሥራዬ ነው፤ ልጆቼን ያሳደግኩት ዳቦና ኬክ ጋግሬ ነው። ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ከረመ። ምክንያቱም ያኔ ነሐሴ እየገባ ነበር፤ ከዚያች ልጅ ቀጥሎ ባንኮኒዬ ፊት የቆሙት እናት ለቡሄ ሙልሙል ዳቦ ሲያዝዙ አብራቸው የመጣችው የልጅ ልጃቸው «ሙልሙል ለምንድነው የሚሰጠው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ባህል ነው» አሏት። አለቀ። ልጅቷም «እሺ» አለች።

«አበሻ የበዓል ጣፋጭ የለውም» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ በተለይ ውጭ አገር ደርሰው ከመጡ ደንበኞቼ። ግማሹ እውነት ነው። ስኳር ለብዙው የገጠር ቤት የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። የነበረን ጣፋጭ ማር ነው፤ ማሩን ደግሞ አባቶቻችን ከዳቦው ይልቅ ለጋኑ ሰጡት፤ ጠጅ ሆነ፣ ብርዝ ሆነ። ስለዚህ በዓሉ የሚጣፍጠው በመጠጡ በኩል ነው፤ ዳቦው የጨውና የአዝሙድ ሆኖ ቀረ። በረመዳን መርካቶን ያየ ሰው ሙሸበኩንና ሀላዋውን ሊጠቅስልኝ ይችላል፤ ልክ ነው፤ እሱ በሌላ መንገድ፣ በቀይ ባሕር በኩል የመጣልን ነው። ሌላው ግማሽ ግን ስሕተት ነው። ተረት የተጠቀለለበት የበዓል ምግብ ከጠፋብን እኛ ሳንሆን አንቀርም የጣልነው።

ሌላው ዓለም ይህን ነገር እንዴት እንደያዘው ማየት ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽዬ ከጣልያን ኬክ ሠሪዎች እጅ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ለፈረንጅ ገና ፓኔቶኔ ስንጋግር የሚላኖን ወሬ እየደጋገሙ ያወሩልን ነበር። በከተማዋ መስፍን ግብር ላይ ጣፋጩ አርሮ ወጥ ቤቱ ሲጨነቅ ቶኒ የሚባል አንድ የወጥ ቤት አሽከር ከተረፈ ሊጥና ከዘቢብ ዳቦ ጋግሮ አዳናቸው፤ ዳቦውም «የቶኒ ዳቦ» ተባለ ይላል ወሬው። የታሪክ ሰዎች አይቀበሉትም። ሚላኖዎች ግን ፋብሪካ አቁመው፣ በካርቶን አሽገው፣ ቶኒንም አብረው ለዓለም ሸጡት። ቻይናዎችም በመከር ጨረቃ በዓላቸው የሚበሉት ክብ ኬክ አላቸው፤ ሞንጎሎች ላይ የተነሡት ዓመፀኞች የቀጠሮውን ቀን በወረቀት ጽፈው በዚህ ኬክ ሆድ ውስጥ ደብቀው አሰራጩ ይባላል። ለዚህም ማስረጃ የለም። ኬኩን የቆረሰው ቻይናዊ አባት ግን ወረቀቷን ሳያነሣ አይቆርስም።

ወደ እኛ እንምጣ። ነሐሴ 13፣ ቡሄ የምንለው፣ የደብረ ታቦር በዓል ነው። ወንጌሉ የሚለው ጌታ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ረጅም ተራራ ወጣ፤ መልኩ እንደ ፀሐይ አበራ፤ ሙሴና ኤልያስ ታዩ፤ ጴጥሮስም ሦስት ዳስ እንሥራ አለ። ስለ ዳቦ የተባለ አንድም ነገር የለም። የተራራውንም ስም ወንጌላውያኑ አልጻፉትም፤ ታቦር ነው ያለችው የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ናት። ዳቦውን ያመጣው ሌላ ተረት ነው፤ የእረኞቹ። ያ ብርሃን በተራራው ሲወርድ ከሥር ከብት የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ። ብርሃኑን አይተው ቀኑ ገና አልመሸም ብለው እዚያው ሲጫወቱ ቆዩ። ሌሊት ሆኗል፤ እነሱ አያውቁም። ወላጆቻቸው ልጆቻችን ምን ነካቸው ብለው ችቦ አብርተው፣ ራት እንዳልበሉ አስበው ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ችቧችን የዚያ ፍለጋ ችቦ ነው፤ ሙልሙሉም ያ ዳቦ ነው። በቡሄ የሚጮኸውን ጅራፍ ደግሞ ከደመናው ውስጥ በተሰማው የአብ ድምፅ የሚመስሉት አሉ።

ይህን ተረት ስወደው ምክንያቴ ብዙ ነው። አንደኛ ነገር፣ ከላይ ሐዋርያት በግንባራቸው ተደፍተው ሳለ ተረቱ ዓይኑን ወደ ታች አውርዶ የሚያየው ልጆች ራታቸውን በልተዋል ወይ የሚለውን ነው። ይህን ያሰበው ሊቅ ሳይሆን አንዲት እናት ናት ብዬ ልማል። ሁለተኛ፣ ልጆቹን ማንም አይቆጣም። አምሽተዋል፣ አስጨንቀዋል፣ ግን ዱላ አልተያዘም፤ ዳቦ ነው የተያዘው። እናቴ ስትነግረኝ «በጎቹስ? በጎቹም ቀን ነው ብለው ሲግጡ አመሹ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «እንግዲህ ብርሃኑን ያዩት ሁሉ» አለችኝ። በሃይማኖት ትምህርት ያን የመሰለ መልስ አግኝቼ አላውቅም።

እናቴ ሙልሙል የምትጋግረው በስንዴና በገብስ ነበር። ገብሱ ሩብ ያህል ይሆናል፤ ከበዛ ዳቦው ይሰነጠቃል። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፤ ሊጡ የሚለሰልሰው በእጅ ጉልበት ብቻ ነው። ማታ ታቦካዋለች፤ የነሐሴ ብርድ ሊጥ አያስነሣምና ዕቃውን በጋቢ ጠቅልላ ምድጃው አጠገብ ታሳድረዋለች። ጠዋት ኩፍ ሲል ጥቁር አዝሙድ ጣል አድርጋበት በዘይት እጇን ነካ እያደረገች ትቆራርሰዋለች፤ ከዚያ እያንዳንዱን በሁለት መዳፏ መሀል ታሽከረክረዋለች፤ መሀሉ ወፈር፣ ሁለቱ ጫፍ ሾል ይላል። ምጣዱ ላይ ትደረድረውና አክንባሎ ትደፋበታለች፤ አንድ ጊዜ ታገላብጠዋለች። ሆዱ ላይ ቡናማ መስመር፣ ጎኑ ላይ ነጣ ያለ ቆዳ ይቀርለታል። ሾል ያለው ጫፍ ደረቅ ስለሚል ልጅ መጀመሪያ የሚነክሰው እሱን ነው።

ዛሬ በቤቴ በፉርኖ ዱቄት፣ በማቡኪያ ማሽንና በኤሌክትሪክ ምድጃ እሠራዋለሁ፤ ለአንዱ 120 ግራም ሊጥ እመዝንለታለሁ። ማሽኑ ያቦካል እንጂ ማሽከርከሩን አይችልበትም፤ በቅርጽ ማውጫ ሞክረነው የሳሙና መልክ ይዞ ወጣ። ስለዚህ በቡሄ ዋዜማ ሠራተኞቼ ሁሉ፣ ካሸሯም ጭምር፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው በመዳፋቸው ያሽከረክራሉ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። በቡሄ ከቤት ቤት እየዞሩ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩት ልጆች ሙልሙል መቀበል ካቆሙ ቆይተዋል። በር ላይ ዱላቸውን እየመቱ ይጨፍራሉ፣ ባለቤቱን ያሞግሳሉ፤ ባለቤቱ በበሩ ቀዳዳ የብር ኖት ይሰድዳል፤ ምርቃቱ በጥድፊያ ይነበነባል፤ ወደሚቀጥለው በር። የባንክ ሒሳብ ቁጥር በወረቀት ይዘው ሲዞሩ ያየኋቸውም ወጣቶች አሉ። ድሮ ከጨፋሪዎቹ አንዱ ስልቻ ወይም ከረጢት ተሸካሚ ነበር፤ ያ ልጅ ትልቅ ሥልጣን ነበረው። አሁን ቦታውን ገንዘብ ያዡ ወስዶታል።

ልዩነቱ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከረጢት ሙሉ ሙልሙል አንድ ግንብ ሥር ተዘርግፎ ሲካፈል ሁሉም ያየዋል፤ ትንሹ ልጅም ድርሻውን ቆጥሮ ይወስዳል፤ ደግሞም ዳቦ ነገ ይደርቃል፣ ዛሬ መበላት አለበት፤ ስለዚህ በዚያው ሌሊት ይበላል፣ ለተረፈውም ታናናሾች ይጠራሉ። ብር ግን ይታጠፋል፣ ኪስ ይገባል። ትልልቆቹ ልጆች ያዥ ይሆናሉ፤ በማግስቱ ሰፈሩ ውስጥ የሚሰማው «ሠላሳ ብር ነው የደረሰኝ» የሚል ለቅሶ ነው። በቡሄ ማግስት ሱቄ በር ላይ ጠብ ገላግዬ አውቃለሁ፤ በሙልሙል የተጣላ ልጅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

የልጆቹንም ወገን ሰምቻለሁ። አንዱን «ዳቦ ነው ወይስ ብር የምትመርጠው?» ብለው «ብር፤ ደብተር እገዛበታለሁ» አለኝ። መስከረም ደጃፍ ላይ ነው፤ እናቱ በሰው ቤት ልብስ አጣቢ ናት። ይህን ልጅ ዳቦ ይበቃሃል ማለት ነውር ነው። ብሩን ስጡት። እኔ የምለው ብሩ ብቻውን አይውጣ ነው። ሙልሙሉ ይቅደም፣ ብሩ ይከተል። ዳቦውን ስትሰጡት ደግሞ «እረኞቹ መሽቶባቸው» ብላችሁ አንድ ዐረፍተ ነገር ጣል አድርጉ፤ በብር ኖት ላይ ይህን ታሪክ ለማንሣት አፍ አይመችም። ለእረኞቹ ከቤት የተወሰደላቸው ዳቦ እንጂ ገንዘብ አልነበረም።

«የት ጋግሬ?» የሚለኝ አለ፤ እውነቱን ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች፣ ከሥራ አሥራ ሁለት ሰዓት የምትገባ፣ መብራት በፈረቃ የለመደች ሴት ሊጥ በጋቢ ጠቅልላ ታሳድር አልልም። ችቦውንም ቢሆን ብዙ ግቢ ጥበቃው አያስበራም፤ ልጆቹንም ከበር ይመልሳቸዋል። ለዚህ ነው ነገሩን እኛ ዳቦ ጋጋሪዎች ላይ የምጥለው። ለፋሲካ ድፎ ዳቦ እንሸጣለን፤ ለፍቅረኞች ቀን በልብ ቅርጽ ቶርታ እናወጣለን፤ ለፈረንጅ ገና ፓኔቶኔ እንደረድራለን። በቡሄ ሳምንት ግን ብዙው መደርደሪያ የዘወትሩ ነው። ሙልሙል የሚያወጡ ባልደረቦች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ብዙዎቹ የተራ ዳቦ ሊጥ አሳጥረው ያወጡታል፤ ገዢውም ልዩነቱን ስለማያይ አይጠይቅም። ድሮ የክርስትና አባትና እናት ለክርስትና ልጃቸው በቡሄ ሙልሙል መስጠት ግዴታቸው ነበር፤ ይህ ብቻ እንኳን በቅጡ ቢያዝ ለስንት ዳቦ ቤት ሥራ ነው።

ጣፋጭ ይሁን ወይ? ይህ ክርክር በየዓመቱ ሱቄ ውስጥ ይነሣል። ወጣት ሠራተኞቼ ቸኮሌት እንጨምርበት ይላሉ። አንድ የሰፈራችን ቄስ ደግሞ ስኳር የነካው ሙልሙል ሙልሙል አይባልም ባይ ናቸው፤ ቡና እየጠጡ ያወግዙናል። እኔ ከልጆቹ ጋር ነኝ፤ እስከ ተወሰነ ድረስ። እረኞቹ የበሉት ዳቦ ጨው ይኑረው ስኳር ተረቱ አልተናገረም። ማርና ዘቢብ ጾሙን አይነኩም፤ እኔም ገሚሱን በማርና በዘቢብ እጋግራለሁ፣ ልጆች ይወዱታል። ቸኮሌቱን የከለከልኩት ግን በሃይማኖት ምክንያት አይደለም፤ መዳፍ ላይ ሲሽከረከር ይቀልጣል፤ በዚያ ላይ ብዙው ወተት አለበት። ጣዕሙ ይለዋወጥ። መዳፍ ያወጣው ቅርጽ፣ ቀኑና መስጠቱ ግን ከተነካ ሌላ ዳቦ ሆነ።

ይህ የቡሄ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል። ሲዳማዎች ለዓመት መለወጫቸው ለፍቼ ጨምበላላ ቡሪሳሜ ያቀርባሉ፤ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራ ነው። በአፍ ሲወርድ በመጣው ታሪካቸው ፍቼ የአንዲት ሲዳማ ሴት መታሰቢያ ነው፤ ተድራ ከሄደች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ስትመጣ ቡሪሳሜ ይዛ ትመጣ ነበር፤ ለጎረቤትም ይዳረስ ነበር። ዩኔስኮ በዓሉን በ2008 ዓ.ም. በቅርስነት ሲመዘግበው ይህች ሴትና ምግቧ በመዝገቡ ገብተዋል። ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦርነት ከሚያወራ በዓል ይልቅ ይህ ያስደንቀኛል፤ አንዲት ያገባች ልጅ እናቷን ለማየት መምጣቷ የዓመት መለወጫ ሆነ። ቀኑን የሚቆርጡት ከዋክብት አንባቢዎቹ አያንቶዎች ናቸው። ሐዋሳ በሄድኩ ቁጥር ኬክ ቤቶቹን አያለሁ፤ መስታወቱ ውስጥ የተደረደረው የአዲስ አበባው ክሬም ኬክ ነው። ቅቤ የጠገበ ቡሪሳሜ በትንሽ የሸክላ ጎድጓዳ፣ ከሴትዮዋ ታሪክ ጋር ለእንግዳ ቢቀርብ ማን ይጠላል? የሲዳማ እናቶች በቤታቸው እንደሚሠሩት ሆኖ፣ በእነሱው እጅ፤ እኔ የአዲስ አበባዋ ገብቼ ስኳር ልነስንስበት አልልም።

የሐረሩ ተረት ደግሞ ይበልጥ ያስቀኛል፣ ያስፈራኛልም። በዓሹራ፣ ሙሐረም በባተ በ10ኛው ቀን፣ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ለጅብ ይቀርባል። በረሃብ ዘመን ጅቦች ሰው መብላት ሲጀምሩ የከተማዋ ደጋግ ሰዎች ገንፎ ሊያበሏቸው፣ እነሱም ሰው ላይነኩ ቃል ተጋቡ ይባላል። ጅቡ ቀምሶ ገንፎውን ከበላው ዓመቱ መልካም ነው፤ አሽትቶ ከሄደ ሰዉ ይጨነቃል። በዚያው በዓሹራ ሰሞን ቱርኮች የኖኅን ጣፋጭ ይቀቅላሉ። መርከቡ ሲያርፍ በየጆንያው ሥር የተረፈውን እህል ሁሉ አንድ ድስት ውስጥ ከተቱት ይሉና ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ የደረቀ ፍሬና ስኳር አብረው ያፈላሉ፤ በየሳህኑ አድርገው ለጎረቤት ያድላሉ። በአንድ በዓል ስም እዚያ ለጎረቤት፣ እዚህ ለጅብ። የእኛዎቹ ሐረሮች ተረት ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ኖኅን ዓለም ሁሉ ይጋራዋል፤ ከጅብ ጋር በገንፎ የታረቀ ከተማ ግን ሌላ አላውቅም።

ጉልባንን ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ እናቴ በመቃብሯ ትገላበጣለች። የጸሎተ ሐሙስ የባቄላ ክክና ስንዴ ቅቅል ነው፤ እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ሊጥ ለማስቦካት ጊዜ አጥተው ያልቦካውን እንደበሉ ለማስታወስ ነው ይላሉ። ጣፋጭነቱ አይወራም። ስለ እሱ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቤታችን ጉልባን ሲቀርብ የሙሴ ነገር የማይነሣበት ዓመት አልነበረም፤ አባቴ ፈርዖን እስኪሰጥም ድረስ ማንም እጁን አይሰድድም ነበር።

ሥጋትም አለኝ። ተረት ገንዘብ እንደሚያመጣ የነቃ ነጋዴ ተረት መፍጠር ይጀምራል። አንድ ቦታ «አፄዎቹ ይመገቡት የነበረ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ብስኩት ገዝቼ ማርጋሪኑ ጉሮሮዬ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። የትኛው አፄ ማርጋሪን እንደበላ ማንም አይነግራችሁም። የሕዝብ ተረትና የገበያ ውሸት የሚለያዩበትን ድንበር ማወቅ ከባድ አይደለም፤ የእረኞቹን ተረት ሰሜን ሸዋም ብትሄዱ ጎንደርም ብትሄዱ ከሽማግሌ አፍ ታገኙታላችሁ፤ የብስኩቱን አፄ ግን ከማሸጊያው በቀር የሚያውቀው የለም። ሰው የሚያውቀውንም ቢሆን «ይባላል» ብሎ መጻፍ ነው። ወንጌል ያላለውን ወንጌል አለ ማለት አይገባም፤ ደግሞም አያስፈልግም፤ ሚላኖዎች ቶኒ በእውነት ስለመኖሩ እንቅልፍ አላጡም።

እኔ ባለፈው ቡሄ ትንሽ ጀምሬዋለሁ። ሙልሙሉን የምንጠቀልልበት ካኪ ወረቀት ላይ የእረኞቹን ታሪክ በአምስት መስመር አሳትሜ ነበር፤ ማተሚያ ቤቱ «እረኞች» የሚለውን «እርኞች» ብሎ አወጣውና እንዲሁ ሸጥነው። ልጆች አንብበውት መጥተው ጥያቄ ጠየቁኝ። አንዷ «ወላጆቻቸው ስልክ አልነበራቸውም?» አለች። አንዱ ደግሞ ብርሃኑ እንደ ስታዲየም መብራት ነው ወይ ብሎ ሠራተኛዬን አፋጠጣት። የተራራውን ስም ጠይቀው ደብረ ታቦር ከተማ ነው ብለው የተከራከሩም ነበሩ፤ የጎንደሩ ልጅ ነው ያሸነፈው፤ እኔም ገሊላ ውስጥ ነው ብዬ ድሉን ላበላሽበት አልፈለግሁም፤ አባቱ ግን አረመው።

የዘንድሮውን ወረቀት ፊደሉን አስተካክለን አዘጋጅተናል። ባልደረቦቼ ዳቦ ጋጋሪዎች ሆይ፣ ጽሑፉን ለፈለገ ሁሉ በነፃ እሰጣለሁ፤ የሱቃችሁን ስም አትሙበት፣ ቅር አይለኝም። የክርስትና ልጅ ያላችሁ ትዕዛዛችሁን እስከ ነሐሴ 10 አድርሱን፤ መዳፍ እንደ ማሽን አይፈጥንም። ለጨፋሪዎች የምትገዙ የማሩንና የጨዉን ቀላቅላችሁ ውሰዱ፤ ልጆቹ ሲለዋወጡ ይጫወቱበታል። ከነሐሴ 13 በኋላ መጥቶ ሙልሙል አለ ወይ የሚለኝን ሰው ግን፣ እንደ አምናው ሁሉ፣ «ለከርሞ ያድርሰን» ብዬ ቦምቦሊኖ እሸጥለታለሁ።